«ዓመቱ 2017 ይላል፣ ልክ ነው»፦ መብራት በጠፋ ቁጥር የሚጠፋ ቪፒኤን

መነሻ

መብራት በጠፋ ቁጥር ቪፒኤናችን (የተራራቁ ማሽኖችን በኢንተርኔት ላይ እንደ አንድ የግል ኔትወርክ የሚያገናኘው መስመር) እየጠፋ ያስቸገረን በ2017 ዓ.ም ክረምት ነው። ከአንድ ወር በላይ የተሳሳተ ነገር ስጠግን ከረምኩ። የባሰው ደግሞ ጥገናው መሥራቱ ነው። ባይሠራ ኖሮ ትክክለኛውን ምክንያት ቶሎ እፈልግ ነበር። የድርጅቱንም ሆነ የሰዎቹን ስም አልጠቅስም። አብዛኛው ጥፋት የእኔ ስለሆነ ስም ማንሳቱ ለማንም አይጠቅምም።

የነበረው አሠራር

ድርጅቱ አስመጪና አከፋፋይ ነው። ዋና ቢሮው አዲስ አበባ ሲሆን ሞጆ፣ ኮምቦልቻና ሐዋሳ መጋዘን አለው። በየመጋዘኑ አንድ አንድ ሰርቨር አለ። ሰርቨር ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ያገለገሉ የቢሮ ዴስክቶፖች ናቸው። ዲቢያን 12 የተባለ ሊኑክስ (ነፃ የኮምፒውተር ስርዓተ ክወና) ተጭኖባቸዋል። ስክሪንም ኪቦርድም የላቸውም። መደርደሪያ ላይ ተቀምጠው በ4ጂ ራውተር ኢንተርኔት ያገኛሉ፤ የሽያጭና የዕቃ ክምችት መረጃ ይይዛሉ። እኔ አዲስ አበባ ሆኜ በተርሚናል (ትእዛዝ በጽሑፍ በሚሰጥበት መስኮት) እቆጣጠራቸዋለሁ።

በሞባይል ኢንተርኔት ላይ ያለ ራውተር ብዙ ጊዜ የራሱ የሆነ የውጭ አድራሻ የለውም። ብዙ ደንበኞች አንድ አድራሻ ይጋራሉ። ስለዚህ ከውጭ ሆኖ ሰርቨሩን ማንኳኳት አይቻልም። መፍትሔው ሰርቨሩ ራሱ ወደ ውጭ እንዲደውል ማድረግ ነው። ለዚህ ጀርመን ውስጥ አንድ ትንሽ ሰርቨር ተከራየን። ከዚህ በኋላ «ማዕከሉ» እለዋለሁ። ሦስቱም መጋዘኖች በቪፒኤን ከማዕከሉ ጋር ይገናኛሉ፤ እኔም በዚያው እገባለሁ።

ለቪፒኤኑ የመረጥኩት ዋየርጋርድን ነው። እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 2020 ጀምሮ፣ ማለትም ከከርነል (የሊኑክስ እምብርት) 5.6 ወዲህ፣ ሊኑክስ ውስጥ አብሮ ይመጣል። የሚዋቀረው አሥር መስመር ገደማ ባለው የጽሑፍ ፋይል ነው። ስክሪን ለሌለው ማሽን ከዚህ የሚቀል አላውቅም።

አንድ ተጨማሪ ነገር ነበር፤ ኋላ ጣጣ ያመጣውም እሱ ነው። ድርጅቱ ከአንድ የክፍያ አገልግሎት ጋር ይሠራል። አገልግሎቱ ጥያቄ የሚቀበለው ከተመዘገበ አድራሻ ብቻ ነው። የመጋዘኖቹ አድራሻ በየቀኑ ስለሚቀያየር የተመዘገበው የማዕከሉ አድራሻ ሆነ። ስለዚህ ከመጋዘን ሰርቨር የሚወጣው ትራፊክ ሁሉ በተነሉ (ቪፒኤኑ በሚከፍተው የተመሰጠረ መስመር) እንዲያልፍ አደረግኩ። በዋየርጋርድ ቋንቋ የተፈቀደው አድራሻ 0.0.0.0/0፣ ማለትም ሁሉም አድራሻ፣ ነው።

ችግሩ

ሰኔ መጨረሻ ላይ ኮምቦልቻ ሌሊት መብራት ጠፋ። ጠዋት መብራት ቢመለስም ሰርቨሩ አልተመለሰም። ማዕከሉ ላይ የዋየርጋርድን ሁኔታ በሚያሳየው «ደብሊውጂ ሾው» ትእዛዝ ሳይ የኮምቦልቻ የመጨረሻ ሃንድሼክ ከአምስት ሰዓት በፊት ነበር። ሃንድሼክ ማለት ሁለቱ ወገኖች ቁልፍ የሚለዋወጡበት ሰላምታ ነው። ግንኙነት ላይ ያለ ተነል በየ2 ደቂቃው ገደማ ያድሰዋል። አምስት ሰዓት ማለት ሞቷል ማለት ነው።

ሎግ (ማሽኑ የሆነውን የሚጽፍበት መዝገብ) ስታነቡ የሚያደናግር ነገር ልጥቀስ። የመጋዘኑ ሰዎች «ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ጠፋ» አሉኝ። በስልኬ ያው ሰዓት 3፡00 ነው። ማዕከሉ በዓለም አቀፍ ሰዓት ስለሚመዘግብ እሱ ጋ 0፡00 ይላል። አንዱ መብራት በሦስት የተለያዩ ሰዓቶች ጠፋ። እኔ በመጀመሪያው ቀን ሎጉን 9፡00 ላይ ስፈልግ ግማሽ ሰዓት አቃጠልኩ።

የተሳሳተው ጥገና

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ኢንተርኔቱን ነው። ራውተሩ ግን ደህና ነበር። የመጋዘኑ ሠራተኞች በዚያው ዋይፋይ ቴሌግራም ይጠቀማሉ። ቀጥሎ ማዕከሉን ጠረጠርኩ። ዋየርጋርድን እዚያ ሪስታርት አደረግኩት። በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ኮምቦልቻ ተመለሰ! «ማዕከሉ ተንጠልጥሎ ነበር» ብዬ ደመደምኩና ወደ ሥራዬ ሄድኩ።

በሳምንቱ መብራት ጠፋ፤ ያው ነገር ተደገመ። ሪስታርት፣ ተመለሰ። በሦስተኛው ጊዜ ሰለቸኝ። ማዕከሉ በየሌሊቱ ዋየርጋርድን ራሱ ሪስታርት እንዲያደርግ በክሮን (ሥራን በቀጠሮ በሚያስነሳ ፕሮግራም) አስያዝኩት። ይኼ ነው እንግዲህ ጥገናዬ። መብራት ማታ ሲጠፋ ማንም ሳያውቅ ጠዋት ይስተካከላል። ቀን ሲጠፋ ግን መጋዘኑ እስከ ሌሊት ክፍያ ማስተላለፍ አይችልም። አለቃቸው ሁለቴ ደውለው «ልጄ፣ ይኼ ነገር በጠዋት ብቻ ነው እንዴ የሚሠራው?» አሉኝ።

በዚያው ሰሞን ሌላ ጥፋት አጠፋሁ። የማዕከሉ ኤስኤስኤች (ከርቀት ገብቶ ማዘዣው በር) የሚከፈተው በተነሉ በኩል ብቻ ነበር። ለደህንነት ብዬ ነው። አንድ ቀን ቸኩዬ ማዕከሉ ላይ ዋየርጋርድን የሚያጠፋውን «ደብሊውጂ-ኩዊክ ዳውን» ጻፍኩ። «አፕ» ለማለት ጣቴን ሳነሳ ስክሪኑ ደረቀ። የገባሁበትን በር በራሴ እጅ ዘግቼዋለሁ። ያወጣኝ የሰርቨር አከራዩ በድረ ገጹ የሚሰጠው የአደጋ ጊዜ ተርሚናል ነው። በእሱ በኩል ገብቼ አስነሳሁት። ሃያ ደቂቃ ሦስቱም መጋዘኖች ጨለማ ውስጥ ነበሩ። ከዚያ በኋላ ከርቀት ኔትወርክ ከመንካቴ በፊት አንድ ልማድ አለኝ። መጀመሪያ «ከ5 ደቂቃ በኋላ ሁሉንም ወደ ነበረበት መልስ» የሚል የጊዜ ቀጠሮ በሲስተምዲ (የሊኑክስን አገልግሎቶች በሚያስነሳው ፕሮግራም) አስይዛለሁ። ሥራው ከተሳካ ቀጠሮውን እሰርዛለሁ። ራሴን ከቆለፍኩ ሻይ እየጠጣሁ እጠብቃለሁ።

የጥበቃው ጥቆማ

ሐምሌ ላይ ኮምቦልቻ ደወልኩ። የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊዋ ስልኩን ለጥበቃው ሰጡልኝ። ጥበቃው ጋሼ እንዲህ አሉኝ፦ «መብራት ሲመጣ እሱ ሣጥን እኮ አንዳንዴ ራሱ አይነሳም። እኔ ነኝ ጠዋት ጠዋት የምጫነው።»

ጋሼ ይህን ሲያደርጉ አንድ ወር ሆኗቸዋል። የጠየቃቸው ሰው ስላልነበረ አልተናገሩም። እኔ ሎግ ሳነብ የከረምኩትን እሳቸው በጣታቸው ያውቁት ነበር።

ማሽኖቹን ስንተክል መብራት ሲመለስ ራሳቸው እንዲነሱ ባዮስ (ማሽን ሲነሳ መጀመሪያ የሚሠራው መሠረታዊ ፕሮግራም) ውስጥ አስተካክዬ ነበር። ታዲያ ለምን ጠፋ? ኃላፊዋ ከካሸሯ ስክሪንና ኪቦርድ ተውሰው ሰኩ። ዲሊት የሚለውን ቁልፍ እየነካኩ ባዮስ ውስጥ አስገባኋቸው። ስክሪኑ ላይ የሚታየውን ሁሉ በስልክ ያነቡልኛል።

«ላይኛው መስመር ላይ ቀን አለ። ዜሮ አንድ፣ ዜሮ አንድ፣ ሁለት ሺህ አሥራ ሰባት።»

«ቀኑን ይተዉት እህቴ። ዓመቱ ልክ ነው?»

«ወላሂ ልክ ነው። 2017 ይላል።»

«ጥሩ። ወደ ታች ይውረዱ።»

አለፍነው። ሁለታችንም። ዘመኑ 2017 ነው፣ ስክሪኑም 2017 ይላል። ጆሮዬ እንደ አዲስ አበባ ሰው ሰማውና ረካ። ኮምፒውተር የሚቆጥረው በፈረንጅ መሆኑን፣ በፈረንጅ ደግሞ 2025 መሆኑን፣ ይህን ሥራዬ ብዬ የያዝኩት ሰውዬ ረሳሁት። የመነሻውን ቅንብር አስተካክለን ተሰነባበትን። ተነሉ አሁንም ስላልተነሳ ማዕከሉን እንደ ልማዴ ሪስታርት አደረግኩት።

ትክክለኛው ምርመራ

ከአራት ቀን በኋላ እንደገና ጠፋ። በዚህ ጊዜ ሪስታርት ላለማድረግ ወሰንኩ። ማዕከሉ ላይ ቲሲፒደምፕ (የሚያልፈውን ትራፊክ የሚያሳይ መሣሪያ) ከፍቼ የዋየርጋርድን በር፣ ማለትም ዩዲፒ (ዋየርጋርድ የሚጠቀምበት የመላኪያ ስልት) 51820ን፣ አየሁ።

ኮምቦልቻ ዝም አላለም ነበር። በየ5 ሰከንዱ ገደማ 148 ባይት የሆነ ፓኬት (የመረጃ እሽግ) ይልካል። በዋየርጋርድ 148 ባይት የመጀመሪያው ሰላምታ ነው። መልሱ 92 ባይት መሆን አለበት። 92 የሚባል ነገር የለም። ሰው እየጮኸ «እንደምን አደራችሁ» ይላል፣ ባለቤቱ ሰምቶ ዝም ብሏል። በዚህ አንድ እይታ ብዙ ጥርጣሬ ወደቀ። ኢንተርኔቱ ደህና ነው። ዩዲፒ አልተዘጋም። ራውተሩ ያሳልፋል። እንቢ ያለው ማዕከሉ ነው።

ዋየርጋርድ ያልወደደውን ፓኬት ሳይመልስ ይጥላል። ሆን ተብሎ ነው የተሠራው፤ የሚያንኳኳ እንግዳ ሰርቨሩ መኖሩን እንኳ እንዳያውቅ። ጥቃትን ለመከላከል ጥሩ ነው፣ ለጠጋኝ ግን መከራ ነው። የከርነሉን የዋየርጋርድ ዲበግ (ዝርዝር መዝገብ) ማብራት ይቻላል። አበራሁት። ሰላምታው ልክ አይደለም የሚል መስመር በየ5 ሰከንዱ ይወርዳል። ለምን ልክ እንዳልሆነ ግን አይናገርም። ቁልፍ ቢሳሳት ያው ነው፣ ሌላ ምክንያት ቢኖርም ያው ነው። ቁልፎቹን ደግሞ ማንም አልነካቸውም።

ከዚያ ጥያቄውን ገለበጥኩት። ሪስታርት ለምን ያድነዋል? ማዕከሉ ሪስታርት ሲደረግ ምን ይረሳል? አንድ የዘለልኩት ፍንጭም ነበር። በመካከል አዲስ ላፕቶፕ ስጨምር ቅንብሩን ያስገባሁት በሲንክኮንፍ ነው። እሱ ነባሮቹን ሳያቋርጥ ለውጡን ብቻ ያስገባል። ያን ቀን ኮምቦልቻ ጠፍቶ ነበር፤ በሲንክኮንፍ አልተመለሰም። በሪስታርት ተመለሰ። ስለዚህ ችግሩ ማዕከሉ ስለ ኮምቦልቻ የሚያስታውሰው ነገር ላይ ነው።

የሚያስታውሰው ሰዓት ነው። የዋየርጋርድ የመጀመሪያ ሰላምታ ውስጥ የላኪው ሰዓት ተመስጥሮ አለ፤ 12 ባይት ነው። ተቀባዩ ከእያንዳንዱ ወዳጅ (ከሚያውቀው ማሽን) ያየውን የመጨረሻ ትልቅ ሰዓት ይይዛል። ከዚያ እኩል ወይም ያነሰ ሰዓት ይዞ የመጣን ሰላምታ ይጥላል። ይህ የተሠራው ሰው የድሮ ሰላምታ ቀድቶ መልሶ እንዳይልክና ግንኙነቱን እንዳያበላሽ ነው። የአንድ ማሽን ሰዓት ወደኋላ ከሄደ ግን የገዛ ራሱ አዲስ ሰላምታ እንደ ድሮ ቅጂ ይቆጠርበታል። ማዕከሉ ሪስታርት ሲደረግ ማስታወሻው ይጠፋል። ያኔ ያረጀ ሰዓት ያለውንም ይቀበላል።

«2017 ይላል፣ ልክ ነው» የሚለው ድምፅ ጆሮዬ ላይ የመጣው እዚህ ጋ ነው።

ወዲያው ደወልኩ። ኃላፊዋ ስክሪኑን መልሰው ሰኩ። ጊዜያዊ የይለፍ ቃል ሰጠኋቸውና ገቡ። ቀንና ሰዓት የሚያሳየውን «ዴት» (date) የሚል አራት ፊደል አስጻፍኳቸው። «ሁለት ሺህ ሃያ ሦስት» ብለው አነበቡ። ከዚያ ሳቁ። «ይኼ ደግሞ ገና ያልደረስንበት ዓመት ነው!» ለእሳቸው ወደፊት ነው፣ ለእኔ ሁለት ዓመት ወደኋላ። በባዮስ 2017 የነበረው በሊኑክስ 2023 የሆነበት ምክንያት አለው። ሲስተምዲ ሲነሳ ሰዓቱ ራሱ ከተገነባበት ቀን በፊት ሆኖ ካገኘው እስከዚያ ቀን ድረስ ወደፊት ይገፋዋል። ያም ሆኖ ዛሬ ላይ አያደርሰውም።

ለምን አልተስተካከለም?

የማዘርቦርዱ ባትሪ ሞቷል። ሲአር2032 የምትባለው፣ ሳንቲም የምታክለው። መብራት ሲጠፋ ሰዓቱን የምትይዘው እሷ ናት። በብዙ አሮጌ ማሽኖች የባዮሱን ቅንብርም የምትይዘው እሷው ናት። ጋሼ ጠዋት ጠዋት የሚጫኑት ለዚህ ነበር። እኔ ማሽኑን ስተክል ሪቡት እያደረግኩ ደጋግሜ ፈትሼዋለሁ። ሁሌም በሰላም ይነሳ ነበር። በሪቡት ጊዜ ሶኬቱ አይነቀልም፤ ሰዓቱ ከመብራቱ ይመገባል። ባትሪው መሞቱ የሚታየው መብራት ሲጠፋ ብቻ ነው።

ሰዓት የተሳሳተ ማሽን ከኢንተርኔት ሰዓት ይጠይቃል። ይህን የሚሠራው ክሮኒ የሚባል ፕሮግራም ነው። ግን ሁሉም ትራፊክ በተነሉ ይውጣ ብያለሁ። የሰዓት ጥያቄውም ወደ ተነሉ ገባ። ተነሉ ደግሞ ሰዓት ካልተስተካከለ አይከፈትም። ቁልፉ ሣጥኑ ውስጥ ተቆልፎበታል። 4ጂ ራውተሩ ለመነሳት ሁለት ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል፤ ዋየርጋርድ ሰከንድ አይፈጅበትም። ስለዚህ ክሮኒ ተነሉ ሳይቀድመው ሰዓት የሚጠይቅበት ክፍተት አላገኘም።

የተወሰዱ እርምጃዎች

መጀመሪያ የሞከርኩት አልሠራም። ሰዓት እስኪስተካከል ዋየርጋርድ እንዳይነሳ አደረግኩ። በወረቀት ላይ ያምራል። በተግባር ግን ኢንተርኔት ለሰዓታት ሲጠፋ መጠበቁ በገደቡ ያበቃና ዋየርጋርድ ጭራሽ ሳይነሳ ይቀራል። ከዚህም ሌላ በመጠበቂያው ጊዜ የክፍያ ጥያቄዎች ባልተመዘገበ አድራሻ መውጣት ጀመሩ። ተውኩት።

የሠራው የሰዓት ጥያቄውን ከተነሉ ውጪ ማውጣት ነው። ደብሊውጂ-ኩዊክ ሁሉንም ትራፊክ ሲወስድ ዋናውን የመንገድ ሰንጠረዥ አይደመስስም። የራሱን ሰንጠረዥ ይጨምርና ከዋናው ሰንጠረዥ ነባሪውን መንገድ (የተለየ መንገድ የሌለው ሁሉ የሚሄድበትን) ብቻ ችላ ይላል። ዋናው ሰንጠረዥ ውስጥ ለአንድ የተለየ አድራሻ መንገድ ካለ እሱ ይቀድማል። ስለዚህ ለሁለት የሰዓት ሰርቨሮች ብቻ በራውተሩ በኩል የሚያልፍ የ/32 (ለአንድ አድራሻ ብቻ የሆነ) መንገድ ጨመርኩ። በክሮኒ ፋይልም የጻፍኩት በስም ሳይሆን በቁጥር አድራሻቸው ነው። በስም ቢሆን ስሙን ወደ ቁጥር አድራሻ የሚፈታው ዲኤንኤስ ራሱ በተነሉ ስለሚሄድ ወጥመዱ ይመለሳል።

ባትሪዎቹንም ቀየርን። ሞጆና ሐዋሳ ሳይጠፉ አብረው ተቀየሩ። የሐዋሳው ሲለካ እሱም ደክሞ ነበር።

ሦስተኛው የመጠባበቂያ በር ነው። እያንዳንዱ ሰርቨር አሁን ከቪፒኤኑ ጎን ለጎን ወደ ማዕከሉ የተገለበጠ (ማለትም እኔ በማዕከሉ በኩል ወደ ሰርቨሩ ተመልሼ የምገባበት) የኤስኤስኤች መስመር ይይዛል። ከተቋረጠ ራሱ ይደውላል። ኤስኤስኤች በተራ ቁልፍ ሲሠራ የሰዓት ልክነት አይጠይቅም። ለማዕከሉ አድራሻም ያንኑ የ/32 መንገድ መስጠት ነበረብኝ፤ አለዚያ መጠባበቂያው ራሱ በሞተው ተነል ሊያልፍ ይሞክራል። ለዚህ ሲባል የማዕከሉን ኤስኤስኤች ለውጭ ከፈትኩት፤ በቁልፍ ብቻ እንጂ በይለፍ ቃል አያስገባም። በስልክ የሰጠሁትን የይለፍ ቃልም በዚያው ቀን ለወጥኩ።

የሌሊቱን ሪስታርት አጠፋሁት። በምትኩ ማዕከሉ የእያንዳንዱን መጋዘን የመጨረሻ ሃንድሼክ በየደቂቃው ያያል። «ደብሊውጂ ሾው» ጊዜውን ለስክሪፕት በሚመች ቁጥር ማውጣት ይችላል። 5 ደቂቃ ካለፈው በቴሌግራም ይነግረኛል። ይህ የሚሆነው መጋዘኖቹ በየ25 ሰከንዱ ምልክት እንዲልኩ ስለተዋቀሩ ነው። ያለዚያ ሥራ የፈታ ተነል ሃንድሼክ ስለማያድስ ማንቂያው በከንቱ ይጮሃል።

ሌላ ቦታ የሚሠራው

ሪስታርት የሚያድነው ችግር ሲገጥመኝ አሁን የምጠይቀው «ሪስታርቱ ምን አስረሳው?» ብዬ ነው። መልሱ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ነው። በክሮን ሪስታርት ማስያዝ ግን መርማሪውን ማሰናበት ነው።

ሁሉንም ነገር በቪፒኤን የምታሳልፉ ከሆነ ቪፒኤኑ ራሱ ለመነሳት የሚፈልጋቸውን ነገሮች ቁጠሩ። ሰዓት፣ ስም መፍታት፣ የማዕከሉ አድራሻ። እነዚህ በውጭ ማለፍ አለባቸው። ማዕከሉን በስም የምትጠሩ ካላችሁ ዋየርጋርድ ስሙን የሚፈታው ሲነሳ አንዴ ብቻ መሆኑን አትርሱ፤ አድራሻው ቢቀየር ራሱ አያውቅም።

ሪቡት የመብራት መጥፋት ፈተና አይደለም። ይህን እኛ አገር ያለ ሰው ከማንም በፊት ማወቅ ነበረበት፤ እኔ አላወቅኩም። ቀን በስልክ ስትጠይቁ ደግሞ «በማን አቆጣጠር?» በሉ። በፈረንጅ 2010ም ሆነ 2017 የተሠራ ማሽን ቀኑ እዚህ አገር ልክ የሚመስልበት ዓመት አለው። በመጨረሻም ጥበቃውን ጠይቁ። ማሽኑ አጠገብ የሚያድረው እሱ ነው።

የመጨረሻው ፈተና

ነሐሴ ላይ ኮምቦልቻ ሄድኩ። አዲሱን ባትሪ ሆን ብለን አወጣነው። የሰርቨሩንም የራውተሩንም ሶኬት ነቀልን። አሥር ደቂቃ ቆይተን መልሰን ሰካን። ባትሪ ስለሌለ ቁልፉን ጋሼ ተጫኑ። በመጀመሪያ የመጠባበቂያው መስመር መጣ። ቀጥሎ ክሮኒ ሰዓቱን ከ2023 ወደ 2025 አዘለለው። ከዚያ 148፣ ወዲያው 92። ከሶኬቱ እስከ ሃንድሼኩ አራት ደቂቃ አልሞላም፤ አብዛኛው ራውተሩ የፈጀው ነው። ጋሼ ባትሪዋን በሁለት ጣታቸው ይዘው «እንግዲህ ያለሷም ከሠራ ለግድግዳ ሰዓታችን ልውሰዳት?» አሉ። የግድግዳው ሰዓት በሌላ ዓይነት ባትሪ እንደሚሠራ ነግሬያቸው ወደ ቦታዋ መለስናት።